የፍጥነት መለኪያው ራዳርና ከቅጣት ለማምለጥ የሚደረገው ሩጫ

ንግድ ጊዜን ይወዳል። ዕቃ ከወደብ ወጥቶ መጋዘን፣ ከመጋዘንም ወጥቶ ሱቅ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ለነጋዴው ወጪ ነው። ስለዚህም ባለዕቃው ባለካሚዮኑን፣ ባለካሚዮኑም ሹፌሩን ያጣድፋል። ይህን ጥድፊያ መንገድ ዳር ሆኖ የሚጠብቀው አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም የትራፊክ ፖሊስ የፍጥነት መለኪያ ራዳር ነው። መሣሪያው ከየት እንደ መጣ፣ ነጂዎችም ከእርሱ ለማምለጥ ምን እንዳደረጉና ምን እንዳተረፉ ማወቅ ዕቃውን በመኪና ለሚያስጭን ነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ ታሪኩን ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመሣሪያው አመጣጥ

የራዳሩ መሠረተ ሐሳብ የቆየ ነው። ክርስቲያን ዶፕለር የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ በ1842 እንዳስረዳው፣ ሞገድ የሚልክ ነገር ወደ እኛ ሲቀርብ ሞገዱ እየጠበበ፣ ሲርቅም እየሰፋ ይደርሰናል። የመኪና ጡሩምባ ሲቀርብ ቀጥኖ፣ ካለፈን በኋላ ግን ወፍሮ የሚሰማን በዚህ ምክንያት ነው። ራዳሩም የሬዲዮ ሞገድ ወደ መኪናው ይልካል፤ ሞገዱ ከመኪናው አካል ተላትሞ ሲመለስ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ይለካና ከልዩነቱ ፍጥነቱን ያሰላል።

ይህን ዕውቀት ለመንገድ ሥራ ያዋሉት ጆን ባርከርና ቤን ሚድሎክ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። የኮነቲከት ግዛት ፖሊስ መሣሪያውን በ1947 ግላስተንበሪ በተባለች ከተማ መንገድ ላይ ሞከረው። መጀመሪያ ለጥናትና ለማስጠንቀቂያ ብቻ ሲጠቀምበት ቆይቶ፣ ከፌብሩዋሪ 1949 ጀምሮ በመሣሪያው ንባብ መሠረት ነጂዎችን መቅጣት ጀመረ።

ጠቋሚው ገበያ ላይ ሲወጣ

በ1973 የነዳጅ እጥረት በመነሣቱ የአሜሪካ መንግሥት በማግሥቱ ዓመት የፍጥነት ወሰን በመላው አገር ከ55 ማይል፣ ማለት ከ88 ኪሎ ሜትር ገደማ በሰዓት እንዳያልፍ ደነገገ። ሕጉ የተሻረው በ1995 ነው። በተጓዙት ርቀት ልክ የሚከፈላቸው የካሚዮን ሹፌሮች በዚህ አጥብቀው ተከፉ፤ በመኪናቸው ውስጥ ባለው የአጭር ርቀት ሬዲዮም ፖሊስ የቆመበትን ስፍራ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ጀመር።

በዚሁ ዘመን ዴል ስሚዝ የተባለው የኦሃዮ ሰው «ፈዝባስተር» የተባለውን የራዳር ጠቋሚ ለገበያ አቀረበ። የጠቋሚው ብልሃት ቀላል ነው። ራዳሩ ፍጥነት ለማንበብ ሞገዱ ሄዶ መመለስ አለበት፤ ጠቋሚው ግን የሚሄደውን ብቻ ይሰማል። ሞገድ በርቀት እየደከመ ስለሚሄድ፣ መመለሻ የማያስፈልገው ጠቋሚ ራዳሩን ቀድሞ ያውቃል። ነጂውም ፍሬን ይይዛል፤ ፖሊሱን ካለፈ በኋላ ግን እንደ ገና ይፈጥናል።

ፖሊስም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ራዳሩን ዘግቶ ይዞ መኪናው ሲቃረብ ብቻ መክፈት ጀመረ። ቀጥሎም በ1980ዎቹ መጨረሻ በሌዘር ብርሃን የሚሠራ መለኪያ መጣ። የሌዘሩ ጨረር በ300 ሜትር ርቀት ላይ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ጠቋሚው በሚጮህበት ጊዜ ፍጥነቱ ተነቦ አልቋል። በሌላ በኩል የትልልቅ መደብሮች በራሳቸው የሚከፈቱ በሮች ከፖሊስ ራዳር ጋር በተመሳሳይ ሞገድ ስለሚሠሩ፣ ጠቋሚው በየገበያው አጠገብ በከንቱ ይጮኻል፤ ባለቤቱም መጮኹን እየናቀው ይሄዳል።

በመጨረሻም ሆላንድንና እንግሊዝን በመሳሰሉ አገሮች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍጥነትን በአማካይ የሚለካ ካሜራ ተተከለ። ይህ ካሜራ የሰሌዳውን ቍጥር በሁለት ስፍራዎች ያነብና ርቀቱን ለፈጀው ጊዜ ያካፍላል። ሥራው የነጋዴ ሒሳብ ነው፤ ራዳር ጠቋሚው የሚሰማው ሞገድ የለውምና ካሜራው ዘንድ ሲደርሱ ብቻ ፍሬን መያዝ አይረዳም።

መሣሪያውም ይሳሳታል

ይህን ስንል ራዳር አይሳሳትም ማለታችን አይደለም። በ1979 በፍሎሪዳ ማያሚ የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች አንድ ዛፍ በሰዓት 86 ማይል፣ አንድ ቤት ደግሞ 28 ማይል «ሲሄዱ» ራዳር ማንበቡን አሳዩ። በዚያው ዓመት በዚያ አውራጃ ዳኛ አልፍሬድ ኔስቢት የራዳሩ ንባብ ከጥርጣሬ ነጻ የሆነ ማስረጃ አይደለም ብለው ፈረዱ። ስለዚህ መሣሪያው በየጊዜው መመርመሩ፣ የሚይዘውም ሰው መሠልጠኑ ተገቢ ነው። በሐሰት ንባብ የተከሰሰ ሰው መፍትሔው ይህን በፍርድ ቤት መጠየቅ እንጂ መሸሽ አይደለም።

ለነጋዴው የሚሆን ምክር

አንደኛ፤ የራዳር ጠቋሚን እንደ ሸቀጥ ለማስመጣት የሚያስብ አስመጪ ከማዘዙ በፊት ሕጉን ይመርምር። ስዊዘርላንድ ዕቃውን ማስገባትንና መሸጥን ከልክላለች፤ በአሜሪካም የቨርጂኒያ ግዛት በመኪና መጠቀምን አግዷል። ሞገዱን የሚያውክ መሣሪያ ደግሞ በአሜሪካ አገር በሙሉ የተከለከለ ነው።

ሁለተኛ፤ ባለካሚዮኑ ከኀላፊነት አያመልጥም። ከ1994 ጀምሮ የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ በንግድ ካሚዮን ጠቋሚ መያዝን ሲከለክል፣ ሹፌሩን ብቻ ሳይሆን እንዲጠቀምበት የሚያዝዘውን ወይም የሚፈቅድለትን የማጓጓዣ ድርጅትም ተጠያቂ አድርጓል። ሕግ አውጪው ጥድፊያው የሚጀምረው ከመሪው ሳይሆን ከቢሮው መሆኑን ተረድቷል።

ሦስተኛ፤ ትርፉና ኪሳራው ይመዘን። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚኬድበት መንገድ 80 የሚነዳ ሹፌር፣ መንገዱ ፍጹም ባዶ ቢሆንለት፣ በ120 ኪሎ ሜትር ጉዞ ግማሽ ሰዓት ያተርፋል። ይህንንም በአንድ ኬላ ወይም በአንድ መጋዘን በር ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ያጣዋል። በአንጻሩ ግን በ60 ፍጥነት ፍሬን ተይዞ በ36 ሜትር የሚቆም መኪና፣ በ80 ፍጥነት 64 ሜትር ይፈልጋል። በእነዚያ 28 ሜትሮች ውስጥ የሚገኘው ሕፃን ይሁን ከብት ወይም ሌላ መኪና፣ ጠቋሚው አይነግረንም።

የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚተላለፍ፣ ከዚህም ብዙው በካሚዮን የሚጓጓዝ ነው። በአዲስ አበባም የትራፊክ ፖሊሶች በእጅ የሚያዘውን የፍጥነት መለኪያ ሲጠቀሙ ይታያሉ። እንግዲህ ሹፌሩን «ለነገ ጧት ድረስ» ብሎ የሚያዝዝ ነጋዴ፣ የሰጠው ሰዓት በተፈቀደው ፍጥነት የሚያደርስ መሆኑን አስቀድሞ ያስላ። የማያደርስ ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው እግሩን ከሹፌሩ እግር ጋር በቤንዚን መርገጫው ላይ አኑሯል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉና፣ ዕቃ ቶሎ እንዲደርስ የሚፈልግ ሰው ጭነቱን ቀደም ብሎ ያስነሣ።