ስንቅ ከማቀበል ሕግ እስከማስለወጥ

በኖቬምበር 1963 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ ባተን ሩዥ ከተማ፣ ሄንሪ ሞንትጎመሪ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ አንድ የሸሪፍ ረዳት ተኩሶ ገደለ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ሞት ተፈረደበት። ያ ፍርድ ተሽሮ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ዕድሜ ልክ እስራት ተወሰነበት፤ ያውም አመክሮ የማያውቀው። አንጎላ በሚባለው የግዛቱ ወህኒ ቤት ገብቶ ሲወጣ 2021 ሆኖ ነበር፤ ዕድሜውም 75።

የወህኒውን በር ያስከፈተለት በስሙ የሚጠራው የ2016 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ወደዚያ ውሳኔ በሚወስደው ረጅም መንገድ ላይ ጠበቆች፣ የሥነ አእምሮ ሊቃውንትና የእስረኛ ቤተሰቦች አሉ፤ በብዛት ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ ሰዎች አሉ። ነገሩን ሳቢ የሚያደርገው በአሜሪካ የወህኒ ሥርዓት ግንባታም በማሻሻሉም የክርስቲያኖች እጅ መኖሩ ነው።

በ1829 ፊላደልፊያ ውስጥ የተከፈተውን ኢስተርን ስቴት ወህኒ ቤት ያስቡ። ሐሳቡን ያፈለቁት ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖችና ወዳጆቻቸው ነበሩ። በዘመኑ እስር ቤቶች ወንድ ከሴት፣ ሕፃን ከሽማግሌ፣ ሌባ ከነፍሰ ገዳይ ተደባልቆ ሲታጎር አይተው አዘኑ። መፍትሔ ያሉት ለእያንዳንዱ እስረኛ የየራሱን ክፍል፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና ከጣሪያው ብርሃን የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ መስጠት ነው። ብቻውን ሆኖ፣ በጸጥታ፣ ይጸጸታል ብለው አሰቡ። ከክፍሉ ሲወጣ እንኳ ሌላ ሰው እንዳያይ ፊቱን በጨርቅ ይሸፍኑት ነበር። በ1842 የጎበኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ፣ አእምሮን በዚህ መንገድ ማሠቃየት ከየትኛውም የሰውነት ሥቃይ የከፋ መሆኑን ጽፏል። በቅን ልብ የተጀመረው ነገር ዛሬ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይቅር እያሉ የሚታገሉት የብቻ እስር ሆኖ ቀረ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እስረኛ መጠየቅ እንግዳ ነገር አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታሰረን መጠየቅ የተራበን ከማብላት ጋር ተደርድሯል፤ በበዓል ቀን ስንቅ ይዞ ወደ ማረሚያ ቤት የሚሄደው ሰውም ያንን ይዞ ነው። በአሜሪካም አገልግሎቱ የተጀመረው እንዲሁ ነው። ከጥየቃ አልፎ እስከ ምክር ቤት በር የዘለቀው ግን ብዙ ጊዜ ራሳቸው ታስረው በወጡ ሰዎች ነው።

ቻርልስ ኮልሰን የፕሬዚዳንት ኒክሰን ልዩ አማካሪ ነበር፤ ለአለቃው ሲል ማንንም የማይምር ሰው ተብሎ የሚፈራ። የኒክሰንን መንግሥት ባናወጠው የዋተርጌት ቀውስ መሀል ወደ ክርስትና እምነት መጣ፤ በ1974 የፍትሕን ሥራ በማደናቀፍ ጥፋቱን አምኖ ሰባት ወር ታሰረ። በዋይት ሀውስ ይሠራ የነበረው ሰው የእስረኞች ልብስ እጥበት ላይ ተመደበ። ከወጣ በኋላ በ1976 «ፕሪዝን ፌሎሺፕ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። መጀመሪያ የታሰበው መጽሐፍ ቅዱስ ማስጠናት ነበር፤ ሰባኪዎቹ ግን ውለው አድረው የእስረኛው ችግር ነፍሱ ብቻ እንዳልሆነች አዩ።

ሜሪ ኬይ ቢርድ ባንክ በመዝረፍ በኤፍ ቢ አይ የታደነች ሴት ናት። አላባማ ውስጥ ታስራ ሳለች፣ በገና ሰሞን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙናና ሻምፑ ሲያመጡ እናቶቹ እስረኞች ምን እንደሚያደርጉ አየች፤ ሳይጠቀሙበት ሰብስበው፣ ጠቅልለው፣ ሊጠይቋቸው ለሚመጡ ልጆቻቸው የበዓል ስጦታ ያደርጉታል። ከተፈታች በኋላ ለኮልሰን ድርጅት እየሠራች በ1982 በገበያ አዳራሾች ውስጥ የገና ዛፍ አቁማ የእስረኛ ልጆች ስም የተጻፈባቸው የወረቀት መላእክት ሰቀለችበት። አላፊ አግዳሚው አንዱን አንሥቶ ለዚያ ልጅ ስጦታ ይገዛል። ሥራው ዛሬም «ኤንጀል ትሪ» በሚል ስም ይካሄዳል።

የኮልሰን ድርጅት ከዚህ ተሻግሮ በዋሽንግተን ሕግ አውጪዎችን ማግባባት ያዘ። በ2003 በእስር ቤቶች የሚፈጸመውን አስገድዶ መድፈር ለማስቀረት የወጣውን ሕግ ደገፈ፤ በ2008 ተፈቺዎች ሥራና መጠለያ እንዲያገኙ የሚያግዘውን፤ በ2018 ደግሞ «ፈርስት ስቴፕ» የተባለውን። ይህ የመጨረሻው ሴኔቱን በ87 ለ12 ድምፅ አልፏል። ነፍሰ ጡር እስረኞችን በሰንሰለት ማሰር ከልክሏል፤ በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ያሉ ልጆችን ለቅጣት ለብቻ መዝጋትንም አግዷል። ችግሩ አብዛኞቹ እስረኞች የሚገኙት በግዛቶች እንጂ በፌዴራል ወህኒ ቤቶች አለመሆኑ ነው።

በልጆቹ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚያስገርመው የጆን ዲዩሊዮ ታሪክ ነው። ፕሮፌሰሩ በ1995 «ሱፐር ፕሬዳተር» ያላቸው፣ ርኅራኄ የማያውቁ ታዳጊ ወንጀለኞች አገሪቱን ሊያጥለቀልቁ ነው ብሎ ጻፈ። ፖለቲከኞች ቃሉን ተቀባበሉት፤ በዚያ አሥር ዓመት ግዛቶች በላይ በላዩ ልጆችን እንደ አዋቂ የሚያስከስስ ሕግ አወጡ። ማዕበሉ ግን አልመጣም፤ እንዲያውም የታዳጊዎች ወንጀል ወረደ። ዲዩሊዮ ካቶሊክ ነው፤ በ1996 በሆሳዕና ቅዳሴ ላይ ሳለ ታዳጊዎቹን ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር ሆኖ መርዳት እንዳለበት እንደተሰማው ተናግሯል። ከዓመታት በኋላ ትንበያው ስሕተት እንደነበር ለጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀረበ ጽሑፍ ላይ ፈረመ። ስሕተቱን በአደባባይ የሚያርም ምሁር ብርቅ ነው፤ በዚያ ትንበያ ዘመን የተፈረደባቸው ልጆች ግን ያን ጊዜ በወህኒ ቤት ጎልምሰው ነበር።

ጽሑፉ የቀረበበትን የ2012 ክርክር የመራው ብራያን ስቲቨንሰን ነው። በደላዌር፣ በአፍሪካን ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ያደገ፣ በልጅነቱ ለዘማሪዎች ፒያኖ ይመታ የነበረ ጠበቃ ነው። ደንበኛው ኢቫን ሚለር ወንጀሉን ሲፈጽም 14 ዓመቱ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ከ18 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ እስራት በግድ የሚያስወስን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። በ2016 በሞንትጎመሪ ጉዳይ ውሳኔው ቀድሞ ለተፈረደባቸውም እንዲሠራ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በልጅነታቸው ይህ ቅጣት ተፈርዶባቸው የተፈቱት ከ1,000 በላይ ናቸው።

በዚህ ሁሉ ክርስቲያኖች አንድ ድምፅ ናቸው ማለት አይደለም። የተገደለ ልጇን የቀበረች እናትም እዚያው ጉባኤ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ይቅርታ ለመንግሥት ሳይሆን ለእኔ የተተወ ነው ብትል ማን ይመልስላታል? የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በ2000 ባወጡት ሰነድ የተጎጂውን መብትና የጥፋተኛውን መታረም ጎን ለጎን ለማስቀመጥ የሞከሩት ይህን ስላዩ ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ከ2016ቱ ውሳኔ ወዲህ ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል። በ2021 በ6 ለ3 ድምፅ፣ ዳኛው ልጁ ፈጽሞ የማይታረም መሆኑን ለይቶ ሳያረጋግጥም አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ እስራት መወሰን ይችላል ብሏል። ስለዚህ ሥራው ወደ ግዛት ምክር ቤቶች ዞሯል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግዛቶች ልጆችን ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ ማሰርን በሕግ ከልክለዋል፤ በቀሩት ሕጉ እስካሁን ይፈቅዳል።