መቀነቱ ስልክ ውስጥ ሲገባ

እናቶቻችን የገበያውን ብር የት ይቋጥሩት እንደነበር ታስታውሳላችሁ? በመቀነታቸው ጫፍ ነበር። ቋጠሮው ሲወፍርም ሲቀጥንም ባልም ልጅም ያየዋል።

ዛሬ ከመካነ ሰላም አካባቢ ጤፍ የሚሸጥ ሰው እህሉን ከመጫኑ በፊት ደሴ ላለ ዘመዱ ደውሎ ዋጋ መጠየቅ ይችላል። ድሮ ነጋዴው የነገረው ነበር ዋጋው! ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ክፍያውም በስልክ ይገባል። ኢንተርኔት የሌለው ተራ ቀፎ እንኳ በ*127# ይልካል፣ ይቀበላል። ብር ይዞ በሌሊት ከመንገድ ማን ይሻላል?

ነገር ግን ይህኛው ቋጠሮ አይታይም፤ የሚፈታውም የምሥጢር ቁጥሩን የያዘ ብቻ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ «መላ» በተባለው አገልግሎት ያለ ማስያዣ ብድርም በስልክ ይገኛል። ስለዚህ ባል ሲበደር ሚስት ላትሰማ ትችላለች፤ ሚስትም ስትበደር እንዲሁ። አንዲት እህት የበጎቻቸውን መሸጥ ከጎረቤት ሰምታ እያለቀሰች ቤታችን መጣች። ባልየው ብሩን አላጠፋም፤ «አልጠየቀችኝም» ነበር መልሱ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደግሞ በስልክ መሸጥ የለመደ ሁሉ ተቸገረ። ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ ይኑራችሁ የምለው ለዚህ ነው።

እኛ ቤት እሑድ ማታ ሁለቱም ስልኮች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና የሳምንቱ የክፍያ መልእክቶች ይነበባሉ። መጀመሪያ ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ለባለቤቴ ያልነገርኩት የነጠላ ዕዳ ነበረብኝ።