ቄጠማ ሣር አይደለም

ከአዲስ አበባ ስትመጡ፣ እንጅባራ ከመግባታችሁ በፊት፣ ዋናው መንገድ አጠገብ የዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥልቅ ሐይቅ ነው፤ ዳሩ ቁልቁል ስለሆነ ቄጠማ የሚንጣለልበት ረግረግ የለውም። ቄጠማ የሚወደው ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ነው። ለቡና፣ ለሠርግና ለበዓል እንደሚጎዘጎዝ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ሣር ነው የሚለውን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አንድ አገዳ በሁለት ጣታችሁ መሐል አሽከርክሩ። የሣር አገዳ ክብ ነው፣ አንጓም አለው። የቄጠማው ሦስት ማዕዘን ስላለው እንደ ልብ አይሽከረከርም፤ አንጓም የለውም። ዘመዶቹ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልና በዘመን መለወጫ ሰሞን የጎጃም ልጃገረዶች የሚነቅሉት እንግጫ ናቸው።

ትልቁ ሥራው ያለው ከመሬት በታች ነው። ውሃ በተኛበት ጭቃ ውስጥ አየር ስለሌለ የብዙ ተክል ሥር ታፍኖ ይበሰብሳል። ቄጠማ ግን በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ክፍተቶች አየር እስከ ሥሩ ያወርዳል። ጭቃው ውስጥ ወደ ጎን እየሄደ ቡቃያ የሚያወጣ ወፍራም ሥርም አለው። እርስ በርሱ ተጠላልፎ አፈሩን የሚይዘው፣ ጎርፍ ያመጣውን ደለል የሚያስቀረው እሱ ነው። ከላይ ቢታጨድ ውሃ እስካገኘ ድረስ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከነሥሩ ከተነቀለ ግን ቦታው ራቁቱን ይቀራል።

ገናም ጥምቀትም ፋሲካም የሚውሉት ክረምቱ ሳይገባ ነው። በቀዳም ስዑር ካህናቱ ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመናን ርግቢቱ ለኖኅ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ያበሠረችበትን እያሰቡ ራሳቸው ላይ ያስሩታል። እጅግ የምወደው ሥርዓት ነው። ነገር ግን ፈላጊው የሚበዛው ረግረጉ ውሃ ባጣበት ወቅት ነው፤ በታጨደው ላይ ከብት ሲገባበት ደግሞ ለጋው ቡቃያ ይጋጣል።

አንድ የበዓል ዋዜማ ገበያ ውስጥ ጭቃ የያዘ ሥር የተንጠለጠለበት እስር አየሁ። «እማማ፣ ለምን ከነሥሩ መጣ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እንዲህ ሲሆን ቶሎ አይጠወልግም፤ ገዢ ለምለሙን ነው የሚመርጠው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጥፋቱ የእኛ የገዢዎቹ ነው። ለአንድ ቀን ጉዝጓዝ ሥሩን ምን ያደርግልናል?

  

በከተማ የተለመደው የፕላስቲክ ቄጠማ መፍትሔ አይመስለኝም። ረግረግን ከማጭድ ይበልጥ የሚያጠፋው ቦይ ቀዶ ማጠንፈፍ፣ ማረስና ባሕር ዛፍ መትከል ነው። ከቄጠማው ገንዘብ የሚያገኝ ገበሬ ረግረጉን እንደ ረግረግ የሚያቆይበት ምክንያት አለው። ስለዚህ ግዙ፤ በማጭድ የታጨደውን፣ ሥር የሌለበትን።