«ታይሮይድ አለባት» ማለት ብቻ አይበቃም

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል ችግር በችግር ላይ ተደረበ ማለት ነው። አባባሉ ሳያስበው አንድ የሕክምና ቁምነገርም ይነግረናል፦ አንገት አካባቢ ያበጠ ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም።

ፒያሳ ጊዮርጊስ ታክሲ ስትጠብቁ «እገሊት እኮ ታይሮይድ አለባት» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ታይሮይድማ ሁላችንም አለን! ከማንቁርት በታች ያለ ዕጢ ነው። ጥያቄው ምን ሆነ የሚለው ነው። እንቅርት በአዮዲን እጥረት ሊመጣ ይችላል፤ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በደንብ የታዘዘውም ለዚህ ነው። ዕጢው ሲቆጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሦስት ጥያቄዎች ይለዩታል።

ያማል? ጉንፋን ቢጤ ይዟችሁ ከሳምንታት በኋላ የአንገታችሁ ፊት ሲነካ ካመመ፣ ሕመሙም ወደ ጆሮ ከወጣ፣ ከቫይረስ በኋላ የሚመጣው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ክብደት ይቀንሳል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ፋብሪካው ከመጠን በላይ አላመረተም፤ መጋዘኑ ነው ያፈሰሰው። ስለዚህ ምርት የሚቀንሰው መድኃኒት እዚህ ጋ አይሠራም። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ ይድናል።

በቅርቡ ወልደሻል? ከወሊድ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ዕጢው ያለ ሕመም ሊቆጣ ይችላል። መጀመሪያ መቅበጥበጥ፣ ቀጥሎ ድካምና ድብርት ይመጣል። «አራስ ናት፣ ይደክማታል» ተብሎ የሚታለፈው ይሄ ነው።

ቀስ ብሎ ነው የመጣው? ብርድ ብርድ ማለት፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ ክብደት መጨመር ካለ ሐሺሞቶ ሊሆን ይችላል። ጃፓናዊው ሐኪም ሐካሩ ሐሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ነው። የሰውነት መከላከያ ራሱን ዕጢውን ያጠቃል፤ ሆርሞኑ ካነሰ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ክኒን ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ውጪ ከባድ ትኩሳት ያለው፣ አንገት የሚያቀላና መዋጥ የሚከለክል እብጠት በባክቴሪያ ሊመጣ ይችላል። ብርቅ ነው፣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቃ ድንገተኛ ክፍል!

ልዩነቱ ኪስም ጤናም ይነካል፦ አንዱ የጥቂት ወራት፣ ሌላው የዕድሜ ልክ ነው። «ሆርሞንሽ በዝቷል» ከተባልሽ «ዕጢው እያመረተ ነው ወይስ እያፈሰሰ?» ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ። ከሳምንታት በኋላ ምርመራው ይደገም ከተባለም ብር ለመብላት ነው ብላችሁ አትቅሩ፤ በሽታው መልኩን የሚቀይረው በዚያ መሀል ነው። የጎረቤት ክኒን ደሞ የጎረቤት ነው።