ታይላንድ፦ ገበያዋ የሞቀ፣ ወጥመዷም ያልራቀ

ጓንጁ ገና ሳትለመድ፣ ከመርካቶ ተነስቶ ሸቀጥ ፍለጋ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሻገር ነጋዴ ስሟን አዘውትሮ ያነሳት የነበረች ከተማ ባንኮክ ናት። ሸሚዙ፣ ጫማው፣ የሴቶች ቦርሳውና ጌጣጌጡ በሻንጣ እየታጨቀ ከዚያ ይመጣ ነበር። ዛሬ የቻይና ገበያ ሚዛኑን ወደ ራሱ ቢስብም የባንኮክ መንገድ አልተዘጋም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደዚያች ከተማ ይበራል። ተሳፋሪውም ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ ለሕክምና የሚሄድ አለ፣ ለሽርሽር የሚሄድ አለ፣ “ሥራ አለ” ተብሎ ተታሎ የሚሄድም አለ። አገሩን ሳያጠኑ የገበያውን ስም ብቻ ይዞ መነሳት ለትርፍ የወጣን ገንዘብ ለኪሳራ መዳረግ ነው። ለመሆኑ ታይላንድ ምን ዓይነት አገር ናት?

ታይላንድ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትገኝ፣ 513 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላትና ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ንጉሣዊት አገር ናት። የምትዋሰነው ከማይናማር፣ ከላኦስ፣ ከካምቦዲያና ከማሌዢያ ጋር ነው። “ሲያም” የሚለውን የጥንት ስሟን በመጀመሪያ የለወጠችው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ጎረቤቶቿ በእንግሊዝና በፈረንሳይ እጅ ሲወድቁ እርሷ በቅኝ ሳትገዛ ቆይታለች። በዚህ ረገድ ታሪኳ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም። በኮሪያ ጦርነትም የኢትዮጵያው የቃኘው ሻለቃና የታይላንድ ወታደሮች በአንድ የተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ዘምተዋል።

የአገሪቱ ገቢ ከብዙ ምንጭ ይቀዳል። በተፈጥሮ ጎማ ምርት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ ሩዝ በብዛት ወደ ውጭ ከሚልኩት አገሮች ተርታ ትሰለፋለች፤ የመኪናና የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎችም አሏት። ይሁን እንጂ ተራው ሕዝብ በየዕለቱ የሚያየው ዶላር የሚመጣው ከጎብኚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ እንግዳ ተቀብላለች። የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ይህ ቁጥር በ2021 ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወረደ፤ በ2024 ደግሞ ከ35 ሚሊዮን በላይ ሆኖ አንሰራራ። ሆቴሉም፣ ታክሲውም፣ ባለ ሱቁም እንግዳ ማስተናገድን የሚያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዳ ማታለልን የሚያውቁም በዚያው መጠን ተፈልፍለዋል።

ሙቀቱና ዘመን አቆጣጠሩ

ባንኮክና መቀሌ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም በሰሜን 13ኛው ዲግሪ ላይ ናቸው። ልዩነቱ ከፍታው ላይ ነው። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትቀመጥ ባንኮክ ከባሕሩ ጋር ልትስተካከል ምንም አልቀራትም። ስለዚህ ደጋ የለመደ ሰው እዚያ ሲደርስ የሚያጋጥመው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ልብስን ከገላ የሚያጣብቅ ወበቅ ነው። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ አየሩ ይሻላል፤ ሆቴልና ትኬት ግን ይወደዳል። ከማርች እስከ ሜይ ፀሐዩ ይበረታል። ከዚያ እስከ ኦክቶበር ዝናቡ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ጎዳና ያጥለቀልቃል። በዚህ ወቅት የአልጋ ዋጋ ስለሚቀንስ ለሽርሽር ሳይሆን ለግዢ የሚሄድ ሰው ዝናቡን ታግሶ ወጪ ሊቆጥብበት ይችላል። ከኤፕሪል 13 እስከ 15 “ሶንግክራን” የተባለው የአዲስ ዓመት በዓላቸው ነው። ሕዝቡ በየመንገዱ ውኃ ይራጫል፤ ብዙው ባለ ሱቅ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል። ለግዢ የመጣ ነጋዴ በዚያ ሳምንት ቢደርስ ያተረፈው ውኃ መጠጣት ሳይሆን ውኃ መረጨት ይሆናል።

የዘመን አቆጣጠሩም ልብ ሊባል ይገባል። የኢትዮጵያ ዘመን ከፈረንጆቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲል፣ የታይላንድ የቡድሃ ዘመን 543 ዓመት ወደ ፊት ይሄዳል። የፈረንጆቹ 2025 ለእነርሱ 2568 ነው። ይህ ጉዳይ የገበያ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በአንዳንድ ማሸጊያ ላይ የአገልግሎት ማብቂያው በዚሁ አቆጣጠር ይታተማል። “68” የሚል ቁጥር አይቶ “ገና ብዙ ዓመት አለው” ብሎ ቅባት ወይም የታሸገ ምግብ በጅምላ የገዛ ሰው፣ ቁጥሩ 2025ን የሚያመለክት መሆኑን የሚረዳው ዕቃው አገር ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። ኢትዮጵያዊን የሚያስደስተው ግን የማታው ሰዓት ነው። ፈረንጅ ከምሽቱ ሰባት የሚለውን ታይላንዳዊ እንደኛው “አንድ ሰዓት” ይለዋል።

ባት እና ዶላር

የአገሩ ገንዘብ ባት ይባላል። ለረጅም ጊዜ አንድ ዶላር በ25 ባት ገደማ ተቸንክሮ ቆይቶ ነበር። ዋጋው አይነቃነቅም ብለው ያመኑ ኩባንያዎችና ባንኮች በዶላር ተበድረው በባት ሕንፃ ገነቡ። ብድሩ ሲበዛና መንግሥት ባትን ለመደገፍ ያስቀመጠው ዶላር ሲሟጠጥ፣ ጁላይ 2 ቀን 1997 ባት ለገበያ ተለቀቀ። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ዶላር ከ50 ባት በላይ አወጣ። የዶላር ዕዳ የነበረበት ሁሉ ዕዳው በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነበት። የእስያ የገንዘብ ቀውስ የሚባለው ከዚያ ተነስቶ ወደ ኢንዶኔዢያና ወደ ደቡብ ኮሪያ ተዛመተ። ዶላር ይዞ ለሚመጣ ገዢ ግን አገሩ በሙሉ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ መሰለ፤ መንግሥትም በዚያው ሰሞን ጎብኚ የመጥራት ዘመቻውን አጧጧፈ። ብር በጁላይ 2024 ለገበያ ሲለቀቅ ላየ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ትምህርቱ ግልጽ ነው። የሚሸጥበት ገንዘብና የሚበደርበት ገንዘብ የተለያየ የሆነ ሰው፣ ምንዛሪው ሲዞር ትርፉ አብሮ ይዞራል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ዶላር ከ30 እስከ 38 ባት ገደማ ሲመላለስ ቆይቷል። በዚህ ልዩነት ብቻ የአንድ ጉዞ ትርፍ ሊበላ ስለሚችል የዕለቱን ምንዛሪ ሳያዩ ዋጋ መቁረጥ አይበጅም። በአውሮፕላን ማረፊያው ለታክሲ የሚበቃ ብቻ መንዝሮ ቀሪውን ከተማ ውስጥ ፈቃድ ባላቸው መንዛሪዎች ዘንድ መለወጥ ይሻላል። ንጹሕ ባለ 100 ዶላር ኖት ከአነስተኛው ኖት የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

ገበያው የት ነው?

ባንኮክን እንደ አንድ ገበያ ማየት ስህተት ነው፤ እያንዳንዱ ሠፈር የራሱ ዕቃ አለው። ፕራቱናም የልብስ ሠፈር ነው። ፕላቲነም የተባለው ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ሕንፃም እዚያው ይገኛል። በብዙዎቹ ሱቆች አንድ ፍሬ የሚገዛ የችርቻሮ ዋጋ ይከፍላል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚያነሳ ደግሞ የጅምላውን ዋጋ ያገኛል። ቦቤ ከዚህ በበለጠ በደርዘንና በእሽግ ለሚገዛ ሰው የሚመች የጅምላ ገበያ ነው። በቻይናዎች ሠፈር ያለው ሳምፔንግ የተባለ ጠባብ ጎዳና የጌጣጌጥ፣ የአዝራር፣ የሪባንና የፀጉር ማስያዣ መናኸሪያ ነው፤ ከእርሱ አጠገብ ያለው ፓሁራት ደግሞ የሕንዶች የጨርቅ ገበያ ነው። ቻቱቻክ ቅዳሜና እሑድ ይደምቃል፤ ከ15 ሺህ በላይ መደብ አለው ይባላል። ዕቃው ብዙ ቢሆንም ከጅምላ ገዢ ይልቅ ለጎብኚ የተመቸ ነው።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ክርክሩ አይከብደውም። የቋንቋ ችግር ካለ ሒሳብ ማሽን ቁጥሩን ያስማማል። ጠብና ጩኸት ግን እዚያ አይሠራም፤ ድምፁን ከፍ ያደረገ ገዢ ዋጋውን ሳይሆን ክብሩን ያስቀንሳል። በፈገግታ ዋጋ ጠርቶ ጥሎ መሄድ የበለጠ ያዋጣል። ሌላው ጥንቃቄ ልኩ ነው። የእዚያ “ላርጅ” ብዙ ጊዜ የእዚህ “ሚዲየም” ነው፤ ጠቅልሎ ከማሰር በፊት አንዱን ዘርግቶ መለካት ብልህነት ነው። ታዋቂ ምልክት የተለጠፈበት ርካሽ ዕቃ አስመስሎ የተሠራ ስለሚሆን በጉምሩክ ሊወረስ ይችላል።

ታይላንድ 7 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ታስከፍላለች። ጎብኚ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ቢያንስ የ2,000 ባት ዕቃ ከገዛና ሱቁ የታክስ ተመላሽ ምልክት ያለው ከሆነ፣ ፓስፖርቱን አሳይቶ ፎርም አስሞልቶ በ60 ቀን ውስጥ ዕቃውን ይዞ ሲወጣ በአውሮፕላን ማረፊያው ገንዘቡን ሊጠይቅ ይችላል። ይህ የሚሠራው ደረሰኝ በሚሰጥ የተመዘገበ ሱቅ እንጂ በየመንገዱ ዳር ባለው መደብ አይደለም። ብዛት ያለው ጭነት በኮንቴይነር የሚላክ ከሆነ ላም ቻባንግ ከተባለው ወደብ ተነስቶ በባሕር ጅቡቲ ይደርሳል።

የድንጋዩ ወጥመድ

ታይላንድ በከበረ ድንጋይ ንግድ የታወቀች ናት። ቻንታቡሪ በተባለችው ከተማ ከየአገሩ የመጣ ሩቢና ሰንፔር በሙቀት ቀለሙ እየተስተካከለ፣ እየተቆረጠ ይሸጣል። ከኢትዮጵያ የወሎ ኦፓል እ.ኤ.አ. በ2008፣ የትግራይ ሰንፔር ደግሞ ከ2016 ወዲህ ወደ ዓለም ገበያ ከወጡ ጀምሮ ይህ ንግድ የኢትዮጵያ ደላሎችንም ዓይን ስቧል።

ወጥመዱ የሚጠመደው ግን ከገበያው ርቆ፣ በባንኮክ ጎዳና ላይ ነው። እንግዳው ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ሲያመራ አንድ ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው ቀርቦ “ዛሬ በበዓል ምክንያት ዝግ ነው” ይለዋል። ቀጥሎ ባለ ሦስት እግሯ “ቱክ ቱክ” በማይታመን ርካሽ ዋጋ ከተማውን ልታስጎበኘው ትቀርባለች። መጨረሻው አንድ የድንጋይ ሱቅ ነው። “የመንግሥት ልዩ ቅናሽ የሚያበቃው ዛሬ ነው፤ አገርህ ወስደህ እጥፍ ትሸጠዋለህ” ይባላል። ድንጋዩ እውነተኛ ሊሆንም ይችላል፤ ዋጋው ግን ከተከፈለው እጅግ ያነሰ ነው። ለዚህ ወጥመድ መፍቻው አንድ ጥያቄ ነው፦ ድንጋዩ ሌላ ቦታ በእጥፍ የሚሸጥ ከሆነ ባለቤቱ ስለምን ራሱ ወስዶ አይሸጠውም? የምር መግዛት የፈለገ ሰው የአገሪቱ የከበሩ ድንጋዮችና ጌጣጌጥ ተቋም ቤተ ሙከራ ምርመራ ካላደረገበት ገንዘቡን ከኪሱ አያውጣ።

ሕግና ወግ

ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት መያዝ ይኖርበታል። ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ከመግባቱ በፊት የመግቢያ ካርዱን በኢንተርኔት እንዲሞላ ተደንግጓል። የቪዛ ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል ትኬት ከመቁረጥ በፊት ከኤምባሲ ማረጋገጥ ይገባል። ከተፈቀደው ቀን በላይ የቆየ ሰው በቀን 500 ባት፣ እስከ 20,000 ባት ይቀጣል፤ ከ90 ቀን በላይ ያሳለፈ ደግሞ ተመልሶ እንዳይገባ ይታገዳል። በጎብኚ ቪዛ ተቀጥሮ መሥራት ክልክል ነው።

ንጉሡን ወይም ቤተሰቡን መዝለፍ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 መሠረት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፤ ቀልድ ነው ማለት አያድንም። በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር የተያዘ የሞት ቅጣት ድረስ ሊፈረድበት ይችላል፤ ስለዚህ የሰው ሻንጣ አለመቀበል ነው። የሰውን ራስ መንካት፣ እግርን ወደ ሰው ወይም ወደ ቡድሃ ምስል መዘርጋት ነውር ነው። የቡድሃ ሐውልት ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጾመኛ የሆነ ሰው “ጄ” የሚለውን ቃል ይያዝ። በቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ ፊደል ይጻፋል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ማለት ነው። እንዲሁ “አትክልት” ብሎ ያዘዘ ግን የዓሣ መረቅ ሊቀርብለት ይችላል።

“ሥራ አለ” ሲባል

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ የገንዘብ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በርካታ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች “ታይላንድ ውስጥ በኮምፒውተር የሚሠራ ደኅና ደመወዝ ያለው ሥራ አለ” ተብለው ባንኮክ ከደረሱ በኋላ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው የጠረፍ ከተማ ማይ ሶት ተወስደው፣ ወንዝ ተሻግረው በማይናማር ግዛት ለኢንተርኔት አጭበርባሪዎች በግዳጅ እንዲሠሩ ተደርገዋል። በፌብሩዋሪ 2025 ከዚያ ወጥተው ለታይላንድ ጦር ከተረከቡት 260 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ደላላው ትኬቱን ከፍሎ፣ የሥራ ፈቃድ ሳያሳይ በጎብኚ ቪዛ የሚልክ ከሆነ ጉዞው ወደ ሥራ አይደለም። በንግድ የሚመላለስ ሰው ዘመዱ ወይም ጎረቤቱ እንዲህ ያለ ጥሪ ደርሶት ቢያማክረው የሚመልሰው መልስ የአንድ ሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ለቀሪው መንገደኛ ሒሳቡ ቀላል ነው። በፕራቱናም 100 ባት የተገዛ ሸሚዝ መርካቶ ሲደርስ 100 ባት አይደለም። ትኬቱ፣ አልጋው፣ የካርጎው ኪሎ፣ ጉምሩኩና ሳይሸጥ የሚቀረው ልክ ይደመርበታል። ይህን ሁሉ ከመነሳቱ በፊት በወረቀት ላይ ደምሮ፣ አሁንም ትርፍ ከታየው ይሂድ። ካልታየው ግን አገሩ ለዓይን ያማረ ነውና ገንዘቡን ለሽርሽር እንዳወጣው አውቆ ቢሄድ ይሻለዋል።