ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚዞር ማራገቢያ

ከጁባ ከተማ ተነሥቶ ነጭ ዓባይን በመከተል ወደ ደቡብ ጥቂት የተጓዘ ሰው፥ በሜዳ መካከል እንደ ጎጆ ክዳን ሾጥጦ ብቻውን የቆመውን የረጃፍን ኮረብታ ያገኛል። ቀድሞ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጉዟቸውን የሚፈጽሙት በዚህ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ቋንቋዎች የትኞቹ እንዲሆኑ የተመከረበት ጉባኤም የተደረገው በዚሁ ስፍራ ነው። ቋንቋ በመማር የሚደክሙት አንባቢዎቻችን ስሙን ቢይዙት መልካም ነው፤ የዛሬው ነገራችን ግን ስለ አንድ የአውቶሞቢል ማራገቢያ ነው።

በአንድ የመጋቢት ቀን፥ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን፥ ወዳጃችንን ለመጠየቅ ወደ ረጃፍ ወረድን። በየካቲትና በመጋቢት የአገሩ ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የያዝነው አውቶሞቢል በጃፓን ተሠርቶ በሌላ ሰው እጅ ከሰነበተ በኋላ የገዛነው ትንሽ መኪና ነበር። ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አቁመን፥ ቁልፉን ነቅለን ስንወርድ፥ ከኮፋኖው ሥር የነፋስ ድምፅ ተከተለን። (ኮፋኖ የሞተሩ ክዳን ነው፤ የጋራዥ ሰዎች ከጣሊያንኛ ወርሰው ያስቀሩት ቃል ነው።) የግቢው ዘበኛ ሞተሩን ሳናጠፋ የረሳነው መስሎት እየሮጠ መጣ። እኛም እንደ ዐዋቂ ሆነን፥ «ይህ የታወቀ ነው፤ ራሱ ይተኛል» ብለን አሰናበትነው።

የተናገርነው ሐሰት አልነበረም። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ፓምፑ ውኃውን በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያመላልሰዋል፤ ሙቀቱም 90 ዲግሪ አካባቢ ይጸናል። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም አብሮ ይቆማል። የጋለው ብረት ግን ወዲያው አይበርድም፤ ሙቀቱን ቆሞ ለቀረው ውኃ ይለቅበታል። ስለዚህ ካቆምን በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቱ እንዲያውም ከፍ ይላል። አንዳንድ ሠሪዎች ይህን ዐውቀው፥ ቁልፉ ቢነቀልም ማራገቢያው ከባትሪው ኀይል እየወሰደ ጥቂት እንዲዞር አድርገዋል። ሁሉም አውቶሞቢል እንዲህ አይደለም። በጁባ መንገድ በብዛት በሚታዩት በአሮጌዎቹ ባለ ናፍጣ ላንድክሩዘሮች ማራገቢያውን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ በቺንጋ ስለ ሆነ፥ ሞተሩ ሲጠፋ እርሱም ይቆማል። በላንድክሩዘር የለመደ ሰው ትንሿን መኪና ሲይዝ የሚደነግጠው ስለዚህ ነው።

ጥፋታችን ግን «ራሱ ይተኛል» ካልን በኋላ መተኛቱን ተመልሰን አለማየታችን ነበር። ጨዋታው ያዘን፤ ሲመሽም የጎረቤት ጄኔሬተር ድምፁን ሸፈነብን።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት የወዳጃችን ሴት ልጅ በትኵሳት ትንቀጠቀጥ ጀመር። እናቲቱ ልጇን አቅፋ ከኋላ ተቀመጠች፤ ቁልፉን ብናዞር «ጠቅ» ከማለት በቀር መልስ የለም። 10 አምፔር የሚስብ ማራገቢያ 40 አምፔር-ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ በ4 ሰዓት ባዶ ያደርገዋል፤ የእኛ ደግሞ ያረጀ ነበር። ገፍተን እንዳናስነሣው ማርሹ አውቶማቲክ ስለ ሆነ አይቻልም። ዘበኛው ሳይነገረው ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ለማለዳ ወረፋ ተኝቶ የነበረ የውኃ ቦቴ ሾፌር ቀስቅሶ አመጣ። የአገራችን ሰው ሆኖ ተገኘ። ገመዱን ልናቀብለው ስንቸኵል እጃችንን ያዘና፥

— ጋሼ፥ ቀስ ይበሉ። የእኔ መኪና ባለ 24 ቮልት ነው፤ የእርስዎ ባለ 12። ከሁለቱ ባትሪዎቼ ከአንዱ ብቻ ነው የምንወስደው፤ ከሁለቱም ከወሰድን የእርስዎን እናቃጥለዋለን፥ አለን።

እንዳለው አደረግን፤ ተነሣ። ልጂቱ በጁባ ሆስፒታል ስትመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ፥ መድኃኒቱም በጊዜው ደረሰላት።

ከሆስፒታሉ ስንመለስ የባትሪውን ገመድ ፈትተን አደርን። በማግሥቱ ጧት ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ ገመዱን ብንመልሰው፥ ቁልፉ በኪሳችን እያለ ማራገቢያው ተነሥቶ ዞረ። የቀዘቀዘ ሞተር ነፋስ አይለምንም፤ በሽታው ከማዘዣው መሆኑ በዚህ ታወቀ። ማዘዣውም ሪሌ የሚባል ትንሽ ሣጥን ነው፤ በውስጡ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብዙውን ኤሌክትሪክ ያዝዛል። ከቦታው ብንነቅለው ማራገቢያው ቆመ። የክላክሱ ሪሌ ቍጥሩ አንድ ዐይነት ስለ ነበር በምትኩ ብንሰካው ማራገቢያው ዝም አለ። እንግዲህ በአሮጌው ሪሌ ውስጥ የሚገናኙትና የሚላቀቁት ብረቶች በእሳት ብልጭታ ቀልጠው ተጣብቀው ኖሯል። በተበደርነው ሪሌም ዞሮ ቢሆን ኖሮ፥ ምርመራው ወደ ሙቀት መለኪያውና ወደ ሽቦው ባለፈ ነበር። ዳሩ ግን ሪሌ ብቻ መለወጥ አይበቃም፤ ያረጀና የከበደ ማራገቢያ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ አዲሱንም ያቃጥለዋል። ስለዚህ የባትሪውን ገመድ እንደገና ፈትተን ማራገቢያውን በእጅ አዞርነው፤ ቀለል ብሎ ዞረ። ገመዱ ሳይፈታ ግን፥ ቆሞ እንኳ ቢታይ፥ እጅ አይቅረብበት፤ ሳያስጠነቅቅ ይነሣልና።

ማራገቢያው ብዙ ቆይቶ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ውኃ ጐድሎ ወይም ራዲያተሩ በአቧራና በነፍሳት ተደፍኖ ይሆናል። የውኃውን ልክ ለማየት ሲሉ የጋለ ራዲያተር የሚከፍቱ ሰዎች አሉ። ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ፥ በጁባ በ98 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ግን ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ከ100 በላይ ቢሆንም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ የተከፈተ እንደ ሆነ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ወደ ፊት ይወረወራል።

አዲሱን ሪሌ ከጁባ ገበያ ገዛን። አሁን አውቶሞቢሉን ስናቆም ማራገቢያው 3 ደቂቃ ያህል ዞሮ ይተኛል። የረጃፉ ዘበኛ ግን ቃላችንን ማመን ትቷል፤ በሄድን ቍጥር ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ከኮፋኖው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል።