አንድ ወንበር ከዛፍ እስከ አመድ፦ የቤት ዕቃ በአካባቢ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ስለ መለካት



በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለአዳራሽ ወይም ለጽሕፈት ቤት ዕቃ ሲገዛ በቅድሚያ የሚጠየቀው ዋጋውና መልኩ ነው። ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግልና በመጨረሻ የት እንደሚወድቅ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። ደንን፣ ወንዝንና አየርን የሚነካው ወጪ የሚታወቀው ይህ ሲጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ሰው የተረከበውን ስፍራ እንዲንከባከብ አደራ ተሰጥቶታልና (ዘፍ. 2፥15)፣ ይህን ወጪ መመርመር የንብረት አስተዳደራችን አንድ ክፍል ሊሆን ይገባል።

ባለሙያዎች ይህን አሠራር «የሕይወት ዑደት ምዘና» ይሉታል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው 14040 በተባለው ደረጃ አራት ተግባራትን ደንግጓል፦ የምዘናውን ዓላማና ወሰን መወሰን፣ የገባውንና የወጣውን ሁሉ መዝግቦ መቍጠር፣ የእያንዳንዱን ጫና መመዘን፣ በመጨረሻም ውጤቱን መተርጐም ናቸው። ሙሉው ምዘና የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሐሳቡ ግን በማንኛውም ሰበካ ጉባኤ ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ ይችላል።

መጀመሪያ የሚታየው ጥሬ ዕቃው ነው። በደሴ ዙሪያ ኮረብታዎች በብዛት የሚታየው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ሲሆን፣ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ዳግመኛ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በተገቢው ቦታ ከተተከለ የሚተካ ሀብት ነው፤ ከምንጭ ዳር ሲተከል ግን ውኃ ይሻማል። ዝግባ፣ ጽድና ወይራ በአንጻሩ ለሣንቃ እስኪደርሱ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃሉ። በሰሜን ኢትዮጵያ እነዚህ ዛፎች ከተረፉባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን ነው። በመሆኑም ከዐፀዱ ዛፍ ቆርጦ ወንበር ማሠራት ገንዘብ የማይጠይቅ ቢመስልም፣ በዚህ መዝገብ ከከባዶቹ ወጪዎች አንዱ ሆኖ ይጻፋል።

ቺፑድ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከሰጋቱራ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ ትልልቅ ዛፍ አያስቆርጥም። ነገር ግን በሙጫው ውስጥ ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የተባለ ኬሚካል ይገኛል፤ ቺፑዱም እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ብሎኑ ከላላ በኋላም መጠገኑ ያስቸግራል። ብረት ደግሞ ከማዕድኑ ተቀልጦ ሲመረት በአማካይ ለ1 ኪሎ ግራም ብረት ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሆኖም የብረት እግር ሲሰበር ይበየዳል፤ ሲያረጅም እንደገና ይቀለጣል።

ቀጥሎ የሚታየው ጉዞው ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የጭነት መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል ብንል 140 ሊትር ያቃጥላል። ከ1 ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ ድምሩ 378 ኪሎ ግራም ይሆናል። መኪናው 300 ወንበር ከጫነ ለአንዱ ወንበር የሚደርሰው 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ 50 ብቻ ጭኖ ከመጣ ግን ወደ 7.6 ኪሎ ግራም ያድጋል። አጥቢያዎች ተባብረው በአንድ ጭነት ቢያስመጡ ወይም ከደሴና ከኮምቦልቻ አናጢዎች ቢያሠሩ ይህ ወጪ ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ የሚመዝነው ግን የአገልግሎት ዘመኑ ነው። ለ100 ሰው መቀመጫ ለ20 ዓመት እንፈልጋለን እንበል። 2.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን የፕላስቲክ ወንበር በየ3 ዓመቱ የሚሰበር ከሆነ ሰባት ጊዜ መግዛት ያስፈልጋል፤ ይህም 700 ወንበር ወይም 1,750 ኪሎ ግራም ፕላስቲክ ነው። 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን የእንጨት ወንበር 20 ዓመት ከቆየ 600 ኪሎ ግራም እንጨት ይበቃል። ያው የእንጨት ወንበር በ5 ዓመት ከተሰበረ ግን አራት ጊዜ ይሠራል፤ እንጨቱም 2,400 ኪሎ ግራም ይደርሳል። እንግዲህ እንጨት መሆኑ ብቻውን አያድንም፤ ፕላስቲኩም በጥንቃቄ ተይዞ ብዙ ዓመት ካገለገለ ስሌቱ ይለወጣል።

ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ከተሠራ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ መጋጠሚያውም ይላቀቃል። ስለዚህ ሣንቃው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ተደርጎ፣ በጥላ ሥር ተደርድሮ እስኪደርቅ መጠበቅ የዛፍን ቍጥር የሚያድን ሥራ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ መወገዱ ነው። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወንበር ወደ 11 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ወስዶ አስቀምጧል ማለት ነው፤ ሲቃጠል ይህ ሁሉ ወደ አየር ይመለሳል። ቫርኒሽ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨትና ቺፑድ በቤተ ልሔምም ሆነ በሌላ ምድጃ ሊማገድ አይገባም፤ ጢሱ ጤናን ይጎዳል። የተረፈ ቀለምና ማቅጠኛም ወደ ቦይ ሊደፋ አይገባም፤ የደሴ ቦይ ወደ ቦርከና ይወርዳል፣ ቦርከናም በኮምቦልቻ በኩል ያልፋል። የአንዱ ከተማ ቆሻሻ የሌላው ከተማ ውኃ ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በንብረት መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት አምስት ዓምዶች እንዲጨምር እናሳስባለን፦ ዕቃው የተሠራበት ነገርና ምንጩ፣ ክብደቱ፣ የመጣበት ርቀት፣ አገልግሎት የጀመረበት ዓመትና የተጠገነበት ጊዜ፣ በመጨረሻም የተወገደበት ዓመትና መንገድ። ክብደቱን ላገለገለበት ዓመት ማካፈል በየዓመቱ ስንት ኪሎ ግራም ዕቃ እንደምንፈጅ ያሳያል። በዚህ ቍጥር ማነጻጸር የሚገባው ከአንድ ነገር የተሠሩ ዕቃዎችን ነው፤ የ1 ኪሎ ግራም ብረትና የ1 ኪሎ ግራም እንጨት ጫና እኩል አይደለምና።

አዲስ ዕቃ ለመግዛት ቃለ ጉባኤ ከመያዙ አስቀድሞ ደግሞ አናጢ ተጠርቶ አሮጌውን ይመልከት። የላላ መጋጠሚያ በኮላና በሽብልቅ ሊጠብቅ፣ የተሰበረ እግር ሊተካ ይችላል። የአግዳሚው መደብ ቢያረጅ እንኳ ከደኅናው ሣንቃ የመጻሕፍት መደርደሪያ ይወጣል። ምእመናን በሙዳየ ምጽዋት ያኖሩት ገንዘብም፣ በኮረብታው ላይ የቆመው ዛፍም ተቈጥሮ የተሰጠን አደራ ነው፤ የተጠገነ ወንበር ሁለቱንም ያተርፋል።